አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ሰፈር

በካሊፎርኒያ የእርሻ አገር፣ በፍሬዝኖ ከተማ አካባቢ፣ ሎን ስታር የሚባል ትምህርት ቤት አለ። በ1980 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጆ ኤለን ሚሳኪያን አንድ ነገር ታዘቡ። መጽሐፍ ሲሰጣቸው ፊታቸውን የሚያዞሩ ልጆች አንዲት ልብ ወለድ ከያዙ ግን ሳይጨርሱ አይለቁም። ርእሷ «ዘ አውትሳይደርስ» ይባላል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ የደሃና የሀብታም ሰፈር ጎረምሶች የሚቧደኑባት፣ የሚደባደቡባትና የሚሞቱባት አጭር መጽሐፍ ናት።

ልጆቹ ታሪኩ ፊልም እንዲሆን ተመኙ። ማን ይሥራው የሚለውንም ቆረጡት። «ዘ ብላክ ስታልየን» የተባለውን የፈረስ ፊልም ወደውት ስለነበር፣ በዚያ ፊልም ላይ ስሙን ያዩትን ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላን መረጡ። ሚሳኪያን ደብዳቤውን ጻፉ፤ ከመቶ በላይ ተማሪዎች ፈረሙበት፤ አንድ ቅጂም አብሮ ተላከ። ኮፖላ «ዘ ጎድፋዘር»ን የሠራ ሰው ነው፤ የገጠር ትምህርት ቤት ልጆች ጥያቄ እጁ ቢገባም ሳይከፈት ሊቀር ይችል ነበር። አልቀረም። ፊልሙ በ1983 ሲወጣ ሐሳቡን ላመነጩት ለሚሳኪያንና ለሎን ስታር ተማሪዎች መታሰቢያ ሆኖ ነበር። ገና በወጣትነታቸው የተወኑበት ቶም ክሩዝ፣ ፓትሪክ ስዌዚ፣ ማት ዲለን፣ ራልፍ ማቺዮና ዳያን ሌን ዛሬ በዓለም የታወቁ ናቸው።

መጽሐፉ ራሱም ነፍስ የዘራው በመምህራን እጅ ነው። ደራሲዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን ከጊዜ በኋላ እንዳወጋችው፣ አሳታሚው መጀመሪያ እንደ ተራ የኪስ መጽሐፍ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ሲያቀርበው ብዙም አልተሸጠም። በአንድ አካባቢ ግን ገበያው ደራ። ምክንያቱ ሲጣራ መምህራን ክፍል ውስጥ እያስነበቡት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ከ15 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። በአሜሪካ በተለይ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል በብዛት ከሚሰጡ ልብ ወለዶች አንዱ ነው። በ2024 ወደ ብሮድዌይ መድረክ ወጥቶ በምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት የቶኒን ሽልማት አግኝቷል።

በብዙ ክፍል መነበቡ ግን በደንብ ለመነበቡ ዋስትና አይሆንም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቀላልና አንድ ከባድ ትምህርት አለ። ቀላሉ፣ የሁለቱ ሰፈር ልጆች ያው ሰው ናቸው የሚለው ነው። ከባዱ፣ ያው ሰው ከሆኑ ታዲያ ሰፈራቸውን ሁለት ያደረገው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ቀላሉን ለማግኘት መጽሐፉን ማንበብ በቂ ነው። ከባዱ መምህር ይፈልጋል።

ዲ ያገኘችው ተማሪ

ሱዛን ኢሎይዝ ሂንተን የኦክላሆማዋ የተልሳ ከተማ ልጅ ናት። ተልሳ በነዳጅ የከበረች ከተማ ነበረች። ሂንተን የተማረችበት የዊል ሮጀርስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን የነዳጁ ብር የደረሳቸውንም ያልደረሳቸውንም ልጆች በአንድ ኮሪደር ያስተላልፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጓደኛዋ ከሲኒማ ወደ ቤቱ ሲሄድ ተደበደበ። በዚያ ንዴት በ15 ዓመቷ መጻፍ ጀመረች፤ አብዛኛውን የጻፈችው 16 ሲሞላት፣ አባቷ በአንጎል ዕጢ ታመው በነበረበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ያገኘችው ውጤት ዲ ነበር። ይህን ለተማሪ የሚነግር መምህር የመጀመሪያ ቀኑን ግማሽ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

መጽሐፉን ቫይኪንግ ፕሬስ በሚያዝያ 1967 ሲያሳትመው 18 ዓመቷ ነበር። በሽፋኑ ላይ የስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ሰፈሩ፤ የሴት ስም ቢወጣ ወንዶቹ ሐያስያን ስለ ጎረምሳ ድብድብ ምን ታውቃለች ብለው እንዳይንቁት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈችው መጣጥፍ፣ ለወጣቶች ተብለው የሚታተሙት መጻሕፍት ወጣቶች የሚኖሩትን ሕይወት አይመስሉም ስትል ተሟገተች። ከእሷ በፊት ለዚህ ዕድሜ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም ማለት አይደለም። ጎረምሳ ስለ ጎረምሳ፣ ከውስጥ ሆኖ፣ ትልቅ ሰው ሳይዳኘው የጻፈው ግን እምብዛም አልነበረም።

ታሪኩን የሚነግረን የ14 ዓመቱ ፖኒቦይ ከርቲስ ነው። እናትና አባቱ በመኪና አደጋ ሞተዋል። የ20 ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ዳሪ የኮሌጅ ተስፋውን ትቶ ጣሪያ እየሠራ ሁለት ታናናሾቹን ያሳድጋል፤ መካከለኛው ሶዳፖፕ ትምህርቱን አቋርጦ ነዳጅ ማደያ ገብቷል። የምሥራቁ ሰፈር ልጆች በፀጉራቸው ቅባት የተነሳ ግሪሰር ይባላሉ። የምዕራቡ ሰፈር ባለመኪኖች ሶሽ ይባላሉ። አንድ ሌሊት መናፈሻ ውስጥ ሶሾቹ ፖኒቦይን በፏፏቴው ገንዳ ውስጥ ደፍቀው ሊገድሉት ሲደርሱ፣ በአባቱ ዱላ ያደገው ፈሪው ጆኒ ቦብ የተባለውን ሶሽ በሴንጢ ወግቶ ይገድለዋል። ሁለቱ ሸሽተው ገጠር ውስጥ በተተወ ቤተ ክርስቲያን ይደበቃሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ውስጡ የነበሩ ሕፃናትን ያድናሉ፤ ጆኒ በዚያ ጉዳት ይሞታል። ዳላስ የተባለው ጓደኛቸው የጆኒን ሞት መሸከም አቅቶት ጥይት በሌለው ሽጉጥ ፖሊሶችን ያስፈራራና ይገደላል። ፖኒቦይም መውደቂያው የደረሰበትን የእንግሊዝኛ ትምህርት ለማለፍ ድርሰት እንዲጽፍ ይታዘዛል። ቁጭ ብሎ የሚጽፈው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ እኛ መጽሐፉን ስንከፍት ያነበብነው ዓረፍተ ነገር ነው። መጽሐፉ በሙሉ የቤት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ

ምዕራፎቹ 12 ናቸው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ንግግሩ ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆችም አይከብድም። ብዙ መምህራን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ራሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ። ልጁ ከሲኒማ ብቻውን ይወጣል፤ ቀይ መኪና ከኋላው ቀስ እያለ ይከተለዋል። አንባቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እዚህ ቢያቆም የኋላ መቀመጫ ላይ የተኛውም ቀና ይላል።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ልምድ ያለው መምህር ገና በመጀመሪያው ሳምንት «በኛ ትምህርት ቤት ምን ምን ቡድን አለ?» ብሎ በቃል አይጠይቅም። በቃል ከጠየቀ የሚመልሱት ኃይለኞቹ ብቻ ናቸው፤ የተቀሩት ይስቃሉ ወይም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያሉ። ወረቀት ያድላል፤ ስም እንዳይጻፍበት ይላል፤ የምሳ አዳራሹን ካርታ ያሥላቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ሄዶ መቀመጥ እንደማይቻል። ካርታዎቹ ተሰብስበው ሲነጻጸሩ ሁሌም አንድ ዓይነት አይሆኑም። መሐል ላይ የሚቀመጡት ልጆች አዳራሹ ክፍት ነው ብለው ሲሥሉ ዳር ያሉት በየቦታው ድንበር ያሠምራሉ። ልብ ወለዱም የተጻፈው ከዳር ካለው ወንበር ነው። መምህሩ ይህን ካሳየ በኋላ «ያው ታሪክ በሶሹ በቦብ አፍ ቢነገር ምን ይመስል ነበር?» የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኛል።

በዚህ ጥያቄ ላይ ከሁሉ የምትረዳው ቼሪ ናት። የሶሽ ወገን፣ የሟቹ የቦብ ፍቅረኛ ናት፤ ሆኖም የሶሾቹን ወሬ ለግሪሰሮች ታቀብላለች። ጆኒን ሆስፒታል ሄደሽ ጠይቂው ስትባል ግን አሻፈረኝ ትላለች፤ የገደለባት እሱ ነውና። ተማሪዎች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። «አስመሳይ ናት» የሚል ይነሣል፤ «ሐዘንተኛ ናት» የሚል ይመልስለታል። መምህሩ አሸናፊ ሳይለይ ሁለቱንም ወገን ከመጽሐፉ ማስረጃ እንዲያመጡ ካደረገ፣ ልጆቹ ሳያውቁት የሥነ ጽሑፍ ሒስ ሲሠሩ ይውላሉ።

ንባቡ በጋራ ሥራ እንዲሆን የሚፈልግ መምህር ሌላ መሣሪያ አለው። በ1971 የቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን ትምህርት ቤቶቿን በዘር መለየት ስታቆም ክፍሎቹ በጠብ ታመሱ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰንና ባልደረቦቹ ጂግሶው የተባለ ዘዴ ቀየሱ። ትምህርቱ ይቆራረሳል፤ ከቡድኑ እያንዳንዱ ልጅ ሌላው የሌለውን አንድ ክፍል ይይዛል፤ ፈተናውን ለማለፍ የናቁትን ልጅ ጸጥ ብሎ ማዳመጥ ግድ ይሆናል። በዚህ መጽሐፍ ላይ ሲሠራበት አንዱ ዳሪን፣ አንዱ ጆኒን፣ አንዱ ቼሪን፣ አንዱ ከሶሾቹ ወገን የሆነውን ራንዲን ይዞ ይመጣል። የራንዲን ድርሻ የያዘው ልጅ ዝም ካለ የሶሹ ወገን ምን እንዳሰበ ማንም አያውቅም። ስለ መከፋፈል የሚናገር መጽሐፍ እንዲህ ሲነበብ ዘዴውና ይዘቱ አንድ ላይ ይሄዳሉ።

ክፍሉን ለሁለት የመክፈል ፈተና

ብዙ መምህራንን የሚፈትን አንድ ሐሳብ አለ፦ ክፍሉን ግሪሰርና ሶሽ ብሎ ከፍሎ ለአንድ ሳምንት ማኖር። ለአንዱ ወገን ለስላሳ ወንበር፣ ለሌላው ወለል። ኮፖላም ፊልሙን ተልሳ ውስጥ ሲቀርጽ ይህን አድርጎታል። የሶሾቹ ተዋንያን በቆዳ የተለበጠ ስክሪፕትና የተሻለ የሆቴል ክፍል ሲሰጣቸው፣ የግሪሰሮቹ በተራ ወረቀትና በዝቅተኛው ክፍል ተስተናገዱ። በካሜራ ፊት ቂሙ እውነት እንዲመስል ነው።

ተዋናይ ግን ፊርማ አኑሮ፣ ደመወዝ ተቀብሎ የገባ ሰው ነው። ተማሪ እንዲያ አይደለም። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ጸደይ፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ፣ ሮን ጆንስ የተባለ የታሪክ መምህር ጀርመኖች ለናዚ እንዴት እንደተገዙ ለማሳየት ክፍሉን በወታደራዊ ሥርዓት፣ በሰላምታና በመፈክር አደራጀ። በጥቂት ቀናት እንቅስቃሴው ከክፍሉ ወጥቶ ከሌሎች ክፍሎች የመጡ ተማሪዎችን ሰበሰበ፤ ልጅ በልጅ ላይ ወሬ ማመላለስ ጀመረ። ጆንስ ሳምንት ሳይሞላ ሊያቆመው ተገደደ። ልጆቹ ተጫውተው ሳይሆን አምነው ነበር የገቡበት።

ከተልሳ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በኦክላሆማ፣ ሮበርስ ኬቭ በተባለ ፓርክ ውስጥ የተደረገው ደግሞ በሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ነው። በ1954 ክረምት ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ 11 ዓመት አካባቢ የሆኑ 22 ወንዶች ልጆችን ካምፕ አስገቡ። ልጆቹ አይተዋወቁም፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ፕሮቴስታንት፣ ሁሉም ከመካከለኛ ኑሮ የመጡ ናቸው። ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን «ንስሮች»፣ ሌላው «እባቦች» ብሎ ራሱን ሰየመ። ሽልማት ያለው ውድድር ሲመጣ ባንዲራ ተቃጠለ፣ በሌሊት ማደሪያ ተወረረ። ኋላ ላይ ግን የውኃ መስመር ተበላሸ ተብለው አንድ ላይ ሲፈልጉ፣ የቆመ መኪና በገመድ አንድ ላይ ሲጎትቱ ጥሉ ረገበ። ትምህርቱ ግልጽ ይመስላል፦ መስመሩ በዘፈቀደ ይሠመራል፣ በጋራ ሥራ ይፋቃል።

ሆኖም የሸሪፍ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። አውስትራሊያዊቷ ጸሐፊ ጂና ፔሪ በ2018 ባወጣችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ከዚያ በፊት በ1953 በኒው ዮርክ ግዛት የተሞከረው ተመሳሳይ ጥናት ከሽፏል። ልጆቹ ከመከፈላቸው በፊት ተዋውቀው ስለነበር ተመራማሪዎቹ ቢተነኩሷቸውም አልጣላም አሉ። ጠብ እንዲነሣ ፈላጊዎቹ አዋቂዎቹ ነበሩ። ለመምህር ከመጀመሪያው ታሪክ ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ይጠቅመዋል። የሚያሳየው ልጆች ሲቧደኑ ብዙውን ጊዜ ሜዳውን ያዘጋጀላቸው ትልቅ ሰው እንዳለ ነውና። ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ የሚያጣላ መምህርም ከተመራማሪዎቹ የተለየ ሥራ አልሠራም።

ፀሐይዋና ጣሪያው

በመጽሐፉ ውስጥ ተማሪ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ሐሳብ አለ። ፖኒቦይና ቼሪ ሲያወሩ፣ እሷ ከሰፊው ግቢዋ፣ እሱ ከኋላ ደረጃው የሚያዩት የፀሐይ መጥለቅ አንድ መሆኑን ይረዳሉ። ጆኒና ፖኒቦይ ተደብቀው ሳሉ ንጋቱን ሲያዩ ደግሞ ፖኒቦይ የሮበርት ፍሮስትን ስምንት መስመር ግጥም በቃሉ ይወጣል። ያማረ ነገር ሁሉ ቶሎ እንደሚያልፍ የምትናገር፣ በ1923 የወጣች ግጥም ናት። ጆኒ በመጨረሻዋ ሰዓት ለፖኒቦይ የሚተወው አደራ ከዚህች ግጥም የተወሰደ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው የፈተና ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ የፀሐይዋ ተምሳሌትነት ምንድን ነው? መልሱም አንድ ነው፦ ሁላችንም እኩል ነን።

ፀሐይዋ እርግጥ አንድ ናት። ጣሪያው ግን አንድ አይደለም። አንዱ ጣሪያ ሥር ያለ ልጅ መኪና ተገዝቶለታል፤ የሌላው ልጅ ወንድም ሲነጋ ጣሪያ ሊሠራ ይወጣል። ሶሾቹ ግብዣ ላይ ሰክረው ቤት ቢያፈርሱ ጋዜጣው ዛሬ ወቅሷቸው ነገ ያመሰግናቸዋል፤ ግሪሰሩ ገና ፀጉሩ ሲታይ ሌባ ነው። ሂንተን ይህን በ16 ዓመቷ አይታለች። ከትልቁ ድብድብ በፊት ራንዲ ወደ ፖኒቦይ መጥቶ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ግሪሰሮች ቢያሸንፉ እንኳ ከነበሩበት ፈቀቅ አይሉም፤ እድሉ የኛው እንደሆነ ይቀራል ይላል። ግሪሰሮች ያሸንፋሉ፤ አንዳችም ነገር አይለወጥም።

የሮበርስ ኬቭን ጥናት ከመጽሐፉ ጋር ማስተማር የሚጠቅመው ልዩነታቸውን ለማሳየት ነው። ንስሮችና እባቦች ካምፑ ሲዘጋ በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ተመሳሳይ ቤት ሄዱ። ግሪሰርና ሶሽ ግን መጽሐፉ ካለቀ በኋላም ወደየሰፈራቸው ነው የሚመለሱት። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ስለ ጥላቻ ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ፣ ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ ጥላቻ አይቀንስም ብሏል፤ ሲገናኙ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብና ትብብር ሊኖራቸው፣ የበላይ አካልም ሊደግፋቸው ይገባል። ቼሪና ፖኒቦይ ሲኒማው ላይ ተገናኝተዋል። ከአራቱ የጎደለውን እንዲቆጥሩ ማድረግ ለስምንተኛ ክፍል የሚበዛ ሥራ አይደለም።

በተልሳ ያልታዩት

ፖኒቦይ መደበቂያው ውስጥ ጊዜውን የሚያሳልፈው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ለጆኒ እያነበበ ነው። ጆኒ የደቡቡን መኮንኖች ጨዋነት ያደንቃል፤ ዳላስ እነሱን ይመስላል ይላል። ብዙ ክፍሎች ይህን ቦታ ስለ ጀግንነት ተነጋግረው ያልፉታል። ነገር ግን መኮንኖቹ የተዋጉት ባርነት እንዲቀጥል ነው። ጥቁር ተማሪ ያለበት ክፍል ይህን ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም፤ ጥቁር ተማሪ የሌለበትም እንዲሁ።

የመጽሐፉ ደሃም ሀብታምም ነጭ ነው። እውነተኛዋ ተልሳ ግን በሌላ መስመርም የተከፈለች ነበረች። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ 1921 ነጮች ከሐዲዱ ማዶ ያለውን ግሪንዉድ የተባለውን የጥቁሮች ሰፈር ወርረው ከ30 በላይ ብሎኮችን አቃጥለዋል። የሟቾቹ ቁጥር እስከ 300 ይገመታል። ለአሥርት ዓመታት ይህ በኦክላሆማ ክፍሎች አልተነሣም። ሂንተን ስትጽፍ የከተማዋ ጥቁር ተማሪዎች በአብዛኛው የሚማሩት በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ያየችውን ጻፈች፤ በዚህ አትወቀስም። መምህሩ ግን ካርታው ከየት እንደተቆረጠ ቢያሳይ መጽሐፉ አያንስም። እንዲያውም «የዳሩ ልጅም ከእሱ ዳር ያለውን ላያይ ይችላል» የሚለውን ትምህርት ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

የአበሻ ቤት

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል ያለ አበሻ ቤት ይህ መጽሐፍ በልጅ ቦርሳ ይገባል። እናት ከሥራ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ታየዋለች።

«ስለ ምንድን ነው ይሄ?»

«ስለ ጋንግ ነው ማሚ።»

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ይታወቃል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች እየተባለ ያደገ ወላጅ፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል መጠየቅ ግዴታው ነው። ተረቱ የሚያስጠነቅቀው ስለ ውሎ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ ውሎ የሌለው ልጅ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ጆኒን ያቆየው ያ የተነቀፈው ውሎ ነው፤ ቤቱ ዱላ እንጂ ጠያቂ የለውም። ስጋቱ የአበሻ ወላጅ ብቻም አይደለም። መጽሐፉ በአሜሪካ በ1990ዎቹ በብዛት አቤቱታ ከቀረበባቸው 100 መጻሕፍት አንዱ ነበር፤ ድብድቡ፣ መጠጡና የፈረሰው ቤተሰብ ያስቆጣቸው ወላጆች ብዙ ነበሩ።

ያቺ እናት ግን መጽሐፉን ብታገላብጠው ከማንም ፈጥና የምትለየው ሰው አለ። ዳሪን ታውቀዋለች። ታናናሾቹ እንዲማሩ ብሎ ትምህርቱን ያቆመ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሲቆጣ እንጂ ሲወድ የማይታወቅ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት በስደት ቤት ብርቅ አይደለም። አሜሪካ የተወለደው ልጅ ግን ዳሪን ጨካኝ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ፖኒቦይም እስከ መጽሐፉ እኩሌታ እንደዚያ ነው የሚያስበው። እዚህ ላይ «ዳሪ ኮሌጅ ቢገባ ኖሮ ማን ያበላቸው ነበር?» ብላ በአማርኛ የምትጠይቅ እናት መምህሩ ያልደረሰበትን ልታስተምር ትችላለች። አዲስ አበባ ያደገች ከሆነችም፣ በግልና በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች መካከል ስለነበረው መናናቅ የምትነግረው አታጣም። ጠያቂ መምህር ይህን የቤት ወሬ በድርሰት መልክ ክፍል ውስጥ እንዲገባ በር ይከፍትለታል።

ድርሰቱ

አብዛኛው ክፍል ይህን ትምህርት የሚዘጋው በሁለት ነገር ነው፤ ማን ማንን ገደለ በሚል ፈተናና ፊልሙን በማየት። ፊልሙን ማየቱ ክፋት የለውም፤ ማወዳደርም ትምህርት ነው። ፈተናው ግን መጽሐፉ ራሱ ከሚለው ጋር ይጣላል። ፖኒቦይን ከውድቀት ያወጣው የምርጫ ጥያቄ አይደለም። ርእሱን ራሱ መርጦ፣ የሚያውቀውን ሰፈር፣ በስም የሚያውቃቸውን ሙታን እንዲጽፍ የፈቀደለት መምህር ነው።

ስለዚህ የመዝጊያው ሥራ ከዚያ ቢወሰድ ይሻላል። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ትምህርት ቤት ያለውን አንድ መስመር ይምረጥ። ማን አሠመረው፣ ማን ተጠቀመበት፣ ማን ሊሻገረው ሞክሮ ምን ደረሰበት የሚለውን ይጻፍ። የሰው ስም እንዳይጠቀስ ይደረግ፤ ጮክ ብሎ ማንበብም በፈቃድ ይሁን። የሚመጡት ጽሑፎች ስለ ምሳ አዳራሽ ብቻ አይሆኑም። የተሻለ ውጤት ያላቸው ወደሚመደቡበት ክፍል ማን እንደሚገባ፣ አመፀኛ ተብሎ ከክፍል የሚባረረው የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ልጅ ስሙ ተስተካክሎ እንደማይጠራ የሚጽፉ አይጠፉም። አንዳንዶቹ መስመሩን ያሠመረው መምህሩ ራሱ ነው ይላሉ።

ለዚያ መልስ ያላሰናዳ መምህር ሌላ መጽሐፍ ቢመርጥ ይሻለዋል። ያሰናዳ ግን ውጤቱን ሲሞላ አንድ ነገር ያስታውስ፦ ይህን መጽሐፍ የጻፈችው ልጅ በዚያው ዓመት ዲ ተሰጥቷት ነበር።